ወለላ በየትኛው ሳጥን ናት?

ላም ጠፍታባችሁ ታውቃለች? እኔ አንዲት ላም ሳትኖረኝ ጠፍታብኛለች። ያውም ከሜዳ ላይ አይደለም፤ ከገዛ ጠረጴዛዬ፣ በገዛ እጄ ከሠራሁት ሳጥን ውስጥ ነው የጠፋችብኝ። እስቲ ቁጭ በሉና ላውጋችሁ። ሞኝነት ለብቻ ሲይዙት ይከብዳል።

አገሩ ወረታ ነው። ዘመኑ ደግሞ የሥራ ሂደት ለውጥ የሚባል ነገር በየመሥሪያ ቤቱ ገብቶ፣ በር ላይ «ክፍል ኃላፊ» የሚለው ተነቅሎ «የሥራ ሂደት ባለቤት» የተለጠፈበት ዘመን። በሩ ያው ነው፤ ሲከፈት ሲጥ የሚለውም እንደ ድሮው ነው። እኔ ኮምፒውተር ተምሬ ከአዲስ አበባ መጣሁና የፎገራን ከብት ዘር ለመመዝገብ የተቋቋመ አንድ ፕሮጀክት ውስጥ ተቀጠርኩ። ስሙን አልነግራችሁም፤ ፕሮጀክቱ ፈርሷል፣ የፈረሰ ነገር ስም ባይነሳ ይሻላል። ያደግሁት መርካቶ ነው። ላም የማውቀው ሥጋ ቤት ተሰቅላ፣ እሱንም በግማሽ ነው።

ሌላም ጉድ አለብኝ፤ ቆሜ የማልም ሰው ነኝ። እናቴ «ይኼ ልጅ ዓይኑን ገልጦ ይተኛል» ብላ ጠበል ወስዳኝ ነበር፤ ጠበሉ ውስጥ ቆሜም ስለ ሌላ ነገር አሰብኩ። ወረታ ደግሞ እንደኔ ላለው የተሠራች አገር ናት። ክረምት ሲገባ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳው ላይ ይተኛሉ፤ ጣና ራሱ ተነስቶ ዘመድ ጥየቃ የመጣ ይመስላል። ውሃው ሲሸሽ ሩዙ ይነሳል። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ሩዙ ላይ ይረጋና ላሞቹ ከሆዳቸው በታች ይጠፋሉ፤ ጥቁርና ነጭ ጀርባቸው ብቻ እየተንሳፈፈ ያልፋል። የቢሮዬ መስኮት ወደዚያ ያያል። መስኮቱን እዚያ ያደረገው ሰው ሥራ የሚባል ነገር መኖሩን አልሰማም መሰለኝ።

የኔ ሥራ ይኼ ነበር። መዝጋቢዎች ከሜዳው ጀምረው እስከ ደጋው፣ ከአንበሳሜ እስከ ጣራ ገዳም ግርጌ እየዞሩ በእያንዳንዷ ላም ጆሮ ላይ ቁጥር ያንጠለጥላሉ፤ ወረቀት ሞልተው ያመጡልኛል፤ እኔ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባታለሁ። መዝገባችን እንደ ተራ መዝገብ በመስመር የተሰመረ አልነበረም። እያንዳንዷ ላም ከነመልኳ፣ ከነቀንዷ፣ ከነሕመሟ ራሷን ችላ እንደ አንድ ጥቅል ትቀመጣለች። ከጥቅሏ አንድ ክር ወደ እናቷ፣ ሌላ ክር ወደ ልጆቿ ይሄዳል። በሙያው «ቁስ ተኮር» ይባላል፤ እያንዳንዷ ላም አንድ ቁስ ናት ማለት ነው። ይህን ለአያ ጓዴ ሳስረዳቸው ከተቀመጡበት ድንጋይ ተነሱ። አያ ጓዴ የግቢያችን ዘበኛና ጠፍተው የተገኙ ከብቶች የሚታጎሩበት በረት ጠባቂ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በከብት ኋላ ያሳለፉ ሽማግሌ።

«ላምን ቁስ?» አሉ። «አፈር ስሆን ልጄ፣ እሷ እየሰማች እንዳትደግማት።»

ችግሩ ፍለጋው ነበር። አንዲት ላም ፈልግ ሲሉት ማሽኑ የአገሩን ከብት ሁሉ ጥቅል አንድ በአንድ እየፈታ ያያል። ጠዋት ሻይ ላይ ያዘዝኩትን ለምሳ ያደርስልኛል። እውነቱን ልናገርና እኔ ተመችቶኝ ነበር፤ እሱ ይፈልጋል፣ እኔ መስኮቱ ጋ ሆኜ ከጉሙ ጋር እሄዳለሁ። አለቃዬ አቶ ፈንታሁን ግን በየሳምንቱ ግምገማ ላይ «የአገልግሎት ፍጥነት!» እያሉ ጠረጴዛ ይደበድባሉ። ጠረጴዛው ደግሞ የኔ ነው። ስለዚህ ባሕር ዳር ወዳለ የትምህርት ጓደኛዬ ደወልኩ።

«ከፋፍላቸዋ!» አለኝ። «ሁሉንም አንድ ቦታ ለምን ታጉራቸዋለህ? በየሳጥኑ ለያይተህ አስቀምጣቸውና ማሽኑ የሚፈለገውን ሳጥን ብቻ ይክፈት። ዋናው ነገር ግን፣ ስማኝ...»

በዚህ መሀል የሻላ መንጋ በመስኮቱ አለፈ። ሻላ ሲበር አይታችሁ ከሆነ ትፈርዱልኛላችሁ። አንዱ ክንፉን ሲያሳርፍ ሁሉም ያሳርፋሉ፤ ደግሞ እንደተማከረ ሰው ሁሉም አንድ ላይ ይቀዝፋሉ፤ ወዴት እንደሚሄዱ የሚጨነቅ አንድም የለም። ስመለስ ጓደኛዬ «ገባህ?» ይላል። «ገባኝ» አልኩት። ዋናው ነገር ምን እንደነበረ የሰማሁት ላሟ ከጠፋች በኋላ ነው።

በቀበሌ ከፋፈልኳቸው። ከዚህ የሚቀል ምን አለ? ወረቀቱ ላይ «ቀበሌ» የሚል ቦታ አለ፤ ቀበሌ ደግሞ አይንቀሳቀስም። ለአንዲት ላም አንድ ሳጥን ብቻ፣ ሕጉ ይኼ ነው። ከቁሐር ሚካኤል የመጣ ባለጉዳይ ሲጠይቅ ማሽኑ የቁሐር ሚካኤልን ሳጥን ብቻ ይከፍታል፤ ሌላው ላይ ዓይኑንም አይጥል። ሞከርኩት። ጣቴን ሳላነሳ መልሱ መጣ። አቶ ፈንታሁን ከኋላዬ ቆመው አጨበጨቡ።

«በአንድ ለአምስት አደራጀሃቸው ማለት ነዋ!»

«አይ፣ በቀበሌ ነው።»

«እሱም ጥሩ ነው» አሉ ትንሽ አስበው። «ግን በየሳጥኑ አንዲት ግንባር ቀደም ላም ብትኖር አይከፋም።»

ጭብጨባ ደግሞ ከጠላ ይበልጥ ያሰክራል። በማግስቱ ግምገማ ላይ ማንም ሳይጠይቀኝ ተነሳሁና ንግግር አደረግሁ። «እስካሁን የጠፋ ከብት ለባለቤቱ የሚመለሰው በሁለት ሰው ምስክርነት ነበር። ሰው ይረሳል፣ ሰው ያዳላል። ከእንግዲህ ምስክር አያስፈልግም፤ ማሽኑ ይመሰክራል!» አልኩ። ቃለ ጉባኤ ተያዘ። በረት የገባች ከብት ባለቤቷ በመዝገብ ካልተረጋገጠ በሚቀጥለው የገበያ ቀን በጨረታ ትሸጥ ተባለ። አያ ጓዴ ከበሩ ላይ ሆነው «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» አሉ። እኔ ምስጋና መስሎኝ እጅ ነሳሁ።

ኅዳር ላይ ወይዘሮ ታንጉት መጡ። የቁሐር ሚካኤል ሰው ናቸው፤ ባላቸው ሞተውባቸዋል፤ ያለቻቸው የምትታለብ ላም አንዲት ናት፣ ወለላ ትባላለች። ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በወተቷና በቅቤዋ ነው። ወለላ በጉሙ ከሌላ ሰው ከብት ጋር ተቀላቅላ ከተማ ድረስ መጣችና ተይዛ በረት ገባች። የጆሮዋን ቁጥር እሾህ ቀምቷታል፤ የቀራት የተተለተለ ጆሮ ብቻ ነው።

«ላምዎ የት ቀበሌ ነው ያለችው?» አልኳቸው፣ እንደ ዳኛ ተኮፍሼ።

«ቁሐር ሚካኤል ነዋ ልጄ።»

ምልክቶቿን ነገሩኝ፤ ዝንጉርጉር፣ ግራ ቀንዷ ወደ ዓይኗ የዞረ፣ የጭራዋ ጫፍ ነጭ። ጻፍኩና ነካሁት። ማሽኑ ትንፋሽ ሳይወስድ መለሰ።

«የለችም» አልኳቸው።

«ማን?»

«ወለላ።»

ወይዘሮ ታንጉት በመስኮቱ ወደ በረቱ ጠቆሙ። ወለላ አጥሩን ተደግፋ ታመሰኳለች። «ያቻትና እንጂ! ዓይንህ አያይም?»

«እሷማ አለች እትዬ። መዝገብ ላይ ነው የሌለችው።»

«እንግዲህ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይሉት ይኼ ነው» አሉና ነጠላቸውን አጣፉ። ሳቄ መጣብኝ። ቀጥለው የተናገሩት ግን ሳቄን አደረቀው። «ከነገ ወዲያ ገበያ ነው ልጄ። ጥጃዋ ገና ሣር አታውቅም። ወለላ ከተሸጠች እኔም ልጆቼም አለቀልን፤ ሌላ ምን አለኝ?»

ይዣቸው አቶ ፈንታሁን ዘንድ ገባሁ። ወይዘሮ ታንጉት «ጥጃዋን ላምጣላችሁና እዩ፤ እናትና ልጅ ይተዋወቃሉ» ሲሉ አቶ ፈንታሁን መነጽራቸውን አወለቁ።

«እናቴ፣ ጥጃ ማስረጃ አይደለችም። ማኅተም የላትም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ደግሞስ ምስክር አያስፈልግም ብለህ የተናገርከው አንተ አይደለህ?»

እኔ ነበርኩ። ቃለ ጉባኤው ላይ ከነስሜ ተጽፏል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

በማግስቱ ማለዳ ወይዘሮ ታንጉት ጥጃዋን ታቅፈው ያን ሁሉ መንገድ መጡ። አያ ጓዴ የበረቱን በር መዝጋት «ረሱ»፤ ፊታቸውንም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙረው ረዥም ጸሎት ጀመሩ። ጥጃዋ ገብታ ጠባች፤ ወለላ ጀርባዋን እየላሰች ዓይኗን ጨፈነች። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያል። እንዲያው ሳስበው የላሟን ባለቤት ወረታ በሙሉ ያውቃል፤ የማያውቀው የኔ ማሽን ብቻ ነው። ምስክሩ ደግሞ እሱ ነው።

ሳጥኖቹን ሁሉ በአንድነት ክፈትና እንደ ድሮው ፈልግ አልኩት። ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ። መጣ፤ ከሀ ጀመርኩ። ደግሞ ጠፋ። በሦስተኛው ቀትር ሆነ፤ ቆርቆሮው ይግላል፣ ዝንቡ ዜማ ያወርዳል፣ ማሽኑ ጥቅል ይፈታል። አገጬን በእጄ ደገፍኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን እኔ አላውቅም፤ የማውቀው ውሃውን ነው።

የቢሮው ግድግዳ ቀስ ብሎ ውሃ ሆነ። ሳጥኖቼ እንደ ታንኳ ተንሳፈፉ፤ ከየታንኳው ላሞች አንገታቸውን አውጥተው ሜዳውን ያያሉ። የቁሐር ሚካኤል ታንኳ ሲሄድ የደጋው ታንኳ ይመጣል፣ ጎን ለጎን ይተሻሻሉ፣ ላሞቹም ከአንዱ ወደ አንዱ ዝም ብለው ይሻገራሉ። ማንም አይቸኩል። እኔ በሩዙ ጫፍ ላይ እየተራመድኩ «ወለላ! ወለላ!» እላለሁ፤ ድምፄ ግን አረፋ ሆኖ ይሄዳል። አንዲት አሮጊት ላም ታንኳዋን በአፍንጫዋ እየገፋች መጥታ ዓይኔን ዓይኔን አየችኝ። እንዴት ደስ የሚል አገር ነበር! እዚያው ብቀር አልጠላም ነበር፤ የጥጃዋ ጩኸት መለሰኝ። አያ ጓዴ በሩ ላይ ቆመዋል።

«አገኘሃት?»

«እየፈለግኳት ነው አያ።»

«ስታንኮራፋ?» አሉ። «ለመሆኑ የት ነው የምትፈልጋት?»

ቀበሌውንም ሳጥኑንም አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ላም ባልዋለችበት ኩበት ለቀማ ነዋ የያዝከው! የፎገራ ላም ምን ቀበሌ አላት? ውሃው ሲመጣ ትሄዳለች፣ ውሃው ሲሸሽ ትመለሳለች። እኛ ላም ሲጠፋ የምንጠያየቀው ‹የማን ልጅ ናት?› ብለን ነው። እናቷን ጠይቀሃል?»

ስልኩን አንስቼ ባሕር ዳር ደወልኩ። «ያን ዕለት ዋናው ነገር ያልከኝ ምን ነበር?»

«ሰው አዘውትሮ በሚጠይቅህ ጥያቄ ከፋፍላቸው ነው ያልኩህ። ተኝተህ ነበር እንዴ?»

«ሻላ መጥቶብኝ ነው» ብዬ ዘጋሁት።

ወይዘሮ ታንጉትን ከበረቱ አስጠራኋቸው። «የወለላ እናት ማን ናት?» ስላቸው ፊታቸው በራ። እንደ ዳዊት ያነበንቡት ጀመር። «ወለላ የቦራ፣ ቦራ የዳማ፣ ዳማ እንግዲህ አባቴ ሲድሩኝ የሰጡኝ ናት፣ ነፍሳቸውን ይማረው! ቦራ አርጅታለች፤ ከደጃፌ ጉብታ ላይ አትወርድም፣ ክረምትም በጋም እዚያው ናት።»

ከደጃፍ የማትወርድ ላም! ቦራን በቁሐር ሚካኤል ሳጥን ውስጥ ወዲያው አገኘኋት። ከጥቅሏ ወደ ልጇ የሚሄድ አንድ ክር አለ። ክሩን ያዝኩና ተከተልኩ። ከቁሐር ሚካኤል ሳጥን ወጣ፤ ሌሎቹን ሁሉ ዘለለ፤ አንበሳሜ ከሚለው ሳጥን ገባ። እዚያ፣ ግራ ቀንዷ ከነዙሩ፣ የጭራዋ ጫፍ ከነንጣቱ፣ ወለላ ተቀምጣለች። ወይዘሮ ታንጉት እልልታውን አቀለጡት። እኔም ከወንበሬ ዘልዬ አያ ጓዴን ሳምኳቸው። ከዚያ ቀጣዩን መስመር አነበብኩ።

ባለቤት፦ አቶ ሞላ።

«ሞላ ማን ናቸው?» አልኩ፣ ድምፄ ቀጥኖ።

«አበልጄ ነዋ! የልጄ የክርስትና አባት። ክረምት ሜዳውን ውሃ ሲይዘው ወለላን ደጋ እሱ ዘንድ እሰዳታለሁ።»

ገባኝ። መዝጋቢዎቹ በነሐሴ ወጥተው፣ ገመዱን የያዘውን ሰው ባለቤት ብለው ጽፈውታል። «ታዲያ ይህን ለምን አልነገሩኝም?»

«ማን ጠየቀኝ? ‹የት ቀበሌ ናት› አልከኝ፣ ያለችበትን ነገርኩህ።»

አቶ ፈንታሁን እልልታውን ሰምተው መጥተው ኖሯል። በትከሻዬ ላይ አነበቡ። «ጎሽ! ተገኘች። የአቶ ሞላ ናት። ይጠሩና ነገ እስከ ስድስት ሰዓት ይረከቡ፤ ካልተረከቡ ጨረታ ነው።»

አያችሁልኝ? ፈልጌ ፈልጌ የመበለቷን ላም ለሌላ ሰው ሰጠኋት። ወይዘሮ ታንጉት ግን ቅም አላላቸውም። «ሞላ ከመጣማ ተገላገልኩ» ብለው ጥጃቸውን ታቅፈው ሄዱ። አያ ጓዴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «የሞላ ጥገት ሐምሌ ላይ ሞታበታለች አሉ። ሰውየው ክፉ አይደለም። ችግር ነው ክፉ» አሉኝ። እኔ የመርካቶ ልጅ ነኝ፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት እጁ የገባ ሰው ምን እንደሚያደርግ አይቼ ነው ያደግሁት። ያን ቀን ምሳም አልበላሁ፣ በመስኮትም አላየሁ። ፈራሁ፤ ከልቤ ፈራሁ።

በገበያው ቀን አቶ ሞላ ከአይሱዙ ላይ ወረዱ። ረዥም፣ ቀጭን፣ ፂማቸው የሸበተ ሰው ናቸው፤ ዱላቸው ትከሻቸው ላይ፣ ጭቃው ጉልበታቸው ድረስ። ግቢው በሰው ሞልቷል፤ ጨረታ ጠሪው ድምፁን እያሟሸ ነው። ወይዘሮ ታንጉት ከነጥጃቸው በረቱ አጠገብ ቆመዋል። አቶ ፈንታሁን ወረቀቱን ዘረጉ።

«እዚህ ላይ ይፈርሙና ላምዎን ይውሰዱ።»

አቶ ሞላ ወረቀቱን ተቀብለው አገላበጡት። ቀና ብለው ወለላን አዩ፤ ወተት የወጠረውን ጡቷን አዩ። እኔ ወረቀት የምበላ ሰው ብሆን ነጥቄ በበላሁት።

«ይችን ላም መንግሥት ለኔ ሰጠኝ ማለት ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«መዝገቡ የሚለው እንደዚያ ነው።»

«መንግሥት ይባረክ። ሣሩን አብልቻታለሁ፣ አልክድም። ላሟ ግን የአበልጄ ናት። በስተርጅና አደራ በላ ልባል? ከዚያስ የትኛው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እቆማለሁ?» ወረቀቱን አጥፈው መለሱላቸው።

አቶ ፈንታሁን ሰዓታቸውን አዩ። «እርስዎ ካልፈረሙ ባለቤት የላትም ማለት ነው። ባለቤት ከሌላት ደግሞ ቃለ ጉባኤው ጨረታ ነው የሚለው።» ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ የኔን ንግግር ነው የሚደግሙት።

በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ገባሁ። ጆሮዬ ጋለ። «ያን ዕለት የተናገርኩት ስህተት ነው» አልኩ። «ማሽኑ የሚያውቀው እኛ የነገርነውን ነው፤ እኔ ደግሞ የነገርኩት ውሸት ነው። ምስክር ያስፈልጋል።»

«ይኼ ቃለ ጉባኤ ይያዝ?»

«ይያዝ! ከነሞኝነቴ ይጻፍ።»

አቶ ፈንታሁን እኔን አዩ፤ ላሟን አዩ፤ ተነፈሱ። «እሺ። ሁለት ምስክር።»

«አንድ» አሉ አቶ ሞላ ዱላቸውን አንስተው። «ሁለት» አሉ አያ ጓዴ። በዚህ ጊዜ ጥጃዋ ከወይዘሮ ታንጉት ክንድ ሾልካ ወረደችና በአጥሩ ቀዳዳ ገብታ ወለላ ሥር ተወተፈች። «ሦስት!» አለ አንዱ ከሕዝቡ መሀል። ግቢው በሳቅ ፈረሰ፤ አቶ ፈንታሁንም ሳቁ፤ ጨረታ ጠሪውም ሳቀ። ወይዘሮ ታንጉት ብቻ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ምን ያህል እንደፈሩ ለማንም አላሳዩም ነበር።

መዝገቡን ላርም ቢሮ ገባሁና ሁለቱም ተከትለውኝ ከኋላዬ ቆሙ። ባለቤት፦ ወይዘሮ ታንጉት፤ ይኼስ ቀላል ነው። ቀጥሎ ያለው ባዶ ቦታ ቀበሌ ይላል። ጣቴን አንስቼ ዞርኩ።

«ቀበሌዋን ማን ልበለው?»

ሁለቱም እኩል መለሱልኝ። ወይዘሮ ታንጉት «አንበሳሜ» አሉ፤ አቶ ሞላ «ቁሐር ሚካኤል» አሉ።

«ኧረ ተይ ታንጉት! አገሯማ ያንቺ ደጅ ነው።»

«ኧረ አንተ ተው! ክረምቱን ሁሉ የቀለብካት አንተ አይደለህ? በል ጻፍ ልጄ፣ አንበሳሜ በል።»

«ሞቼ እገኛለሁ! ቁሐር ሚካኤል በል!»

ለአንዲት ላም አንድ ሳጥን፤ ሕጉን አሳምሬ አውቀዋለሁ። ሁለቱንም ጻፍኩ።